ከፊት ያልቆመችው ልጅ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ለጽድቅ የቆመ ሕዝብ ዓላማው እንዳይሰናከል ብሎ አንድን ሰው ወደ ኋላ ቢገፋ ትክክል ነው ትላላችሁ? ፈጥናችሁ «በፍጹም አይደለም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ታሪክ አብረን እንይ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1955 ሰኞ ምሽት በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ያለው የሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቦታ ያጡት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደጅ ቆመው በድምፅ ማጉያ ያዳምጡ ነበር። ከአራት ቀን በፊት ሮዛ ፓርክስ የተባለች ልብስ ሰፊ በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለቷ ታስራ ነበር። በዚያ ሰኞ ጥቁሮች በአውቶቡስ ሳይሳፈሩ ዋሉ። የምሽቱ ጥያቄ «ነገስ እንቀጥል ወይ?» የሚል ነበር። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ቃሉ ተነበበ፤ የ26 ዓመቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተናገረ፤ ሕዝቡም ለመቀጠል ወሰነ። የቤት ሠራተኞች በእግራቸው ሥራ ሄዱ፣ መኪና ያላቸው የሌላቸውን አሳፈሩ፣ እናቶች ምግብ እየሠሩ ሸጠው ገንዘብ አዋጡ። እንዲህ ሆነው 381 ቀን ቆዩ።

ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አሁን ግን ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ እንመለስ።

ማርች 2 ቀን 1955 በዚያው ከተማ ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ መቀመጫዋን አልለቅም አለች። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፤ በካቴና አስረውም ወደ አዋቂዎች እስር ቤት ወሰዷት። በሩ ሲቆለፍባት የጌታን ጸሎትና መዝሙር 23ን በልቧ ትደጋግም እንደነበር በኋላ ተናግራለች።

የከተማው ጥቁር መሪዎች በጉዳይዋ መከሩ፤ ነገር ግን ትግሉን በእርሷ ስም አልጀመሩም። ገና ልጅ ናት፣ ቤተሰቧም ድኻ ነው ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ዘርን የሚለያየውን ሕግ የሚመለከተውን ክስ ትቶ «ፖሊስ ላይ እጇን አንሥታለች» የሚለውን ብቻ ስላጸና መዝገቡ ሕጉን ለመሞገት አልመች አለ። ከወራት በኋላ ደግሞ ሳታገባ አረገዘች። በሩ ጨርሶ የተዘጋባት መሰለ።

መሪዎቹ ጨካኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ጠላቶቻቸው ሰበብ ይፈልጉ ነበር፤ ያቺ ልጅ በጋዜጣና በችሎት ፊት ልትሰበር ትችል ነበር። ማን ከፊት ይቁም ብሎ ማሰብ ጥበብ ነው።

ታሪኩ ግን አላለቀም። በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ ሕጉን በመቃወም በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በዚያ አስፈሪ ወቅት ስማቸውን በክሱ ላይ አስፍረው እስከ መጨረሻው ከጸኑት አራት ሴቶች አንዷ ክሎዴት ነበረች። በሜይ ወር የ16 ዓመት ልጅ፣ የጥቂት ሳምንታት ሕፃን እናት ሆና ችሎት ፊት ቆማ መሰከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 13 ውሳኔውን አጽንቶ የአውቶቡሱን ሕግ የሻረው በዚህ መዝገብ ነው። «አትመችም» የተባለችው ልጅ ለሁሉም የሚሆን በር ከከፈቱት መካከል ተገኘች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እኔ ሁለት ነገሮችን መለየት ያለብን ይመስለኛል። አንደኛው «ማን ይናገርልን?» የሚለው ነው፤ ይህን በጸሎትና በምክር መወሰን እንችላለን። ሁለተኛው «የማን በደል ይቆጠራል?» የሚለው ነው፤ ይህን እንድንወስን ማንም ሥልጣን አልሰጠንም። ኃጢአታችን የሚጀምረው የመጀመሪያውን ስንወስን ሁለተኛውን አብረን ስንወስን ነው። ሮዛ ፓርክስ ይህን የተረዳች ይመስለኛል፤ ክሎዴትን በምትመራው የወጣቶች ቡድን ውስጥ አቅርባታለች፣ ለጠበቃዋም ገንዘብ አሰባስባለች።

እናንተስ? ለጎዳና ልጆች፣ ለተፈናቀሉ ወገኖች፣ ለቀን ሠራተኞች ልትቆሙ ስትሰበሰቡ ማይክ የሚይዘው ማን ነው? ንግግሩ የሚያምርለት፣ ልብሱ የሚያምር፣ ስሙ ያልጎደፈ። ይሁን። ነገር ግን ከአገልግሎት ታግዳ በኋላ ወንበር የምትቀመጠው እህታችሁን በዚህ ወር ማን ደወለላት? «ታዲያ ሥነ ሥርዓት ይቅር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይቅር። ተግሣጽ ግን ሰውን ለመመለስ ነው፤ የተገሠጸ ሰው በደል ሲደርስበት ዝም እንድንል ፈቃድ አይሰጠንም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ያስተምረናል። እረኛውም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው ስለ አንዲቱ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተናጋሪ ከመምረጣችሁ በፊት «ዛሬ ያልመጣው ማን ነው? ለምንስ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆናችሁ እስከ ቤቱ ድረስ ሂዱ። ፍትሕን ከአደባባይ በፊት የምንማረው በዚያ ደጃፍ ላይ ነው።