ንጉሥ የሌላቸው ከብቶች

በደቡብ ሩዋንዳ፣ በኒያንዛ፣ ነገሥታቱ ይኖሩበት የነበረው ግቢ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እዚያው «ኢኛምቦ» የሚባሉ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች ይጠበቃሉ። ግንባራቸው በጨሌ ያጌጣል፤ እረኞቻቸው በዜማ ያሞግሷቸዋል፤ እነሱም ድምፁን ለይተው ይቀርባሉ። በነገሥታቱ ዘመን የንጉሡ ክብር መገለጫ ነበሩ። ዘውዱ እ.ኤ.አ. በ1961 ቀረ፤ ከብቶቹ ግን ኖሩ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቲኬት ቆርጦ ያያቸዋል፤ በዚያውም የአንድን ሕዝብ ታሪክ ሰምቶ ይመለሳል። የሚመሰገን ሥራ ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደ ሞያሌ ይሄዳል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አንዷ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ሌላዋ በኢትዮጵያ። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ቢነሱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳሉ። ከኬንያዋ ኢሲዮሎ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ የጋራ የድንበር ኬላውንም የሁለቱ አገር መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መርቀውታል። አላፊ አግዳሚው በዝቷል። በአካባቢው የሚሰማራው ከብት ደግሞ በዓለም የታወቀው የቦረና ዝርያ ነው፦ ነጣ ያለ፣ ሻኛው የቆመ፣ ሙቀትና ጥም የሚችል፣ ረጅም መንገድ የሚጓዝ። እንግዲህ «ለምን እንደ ኒያንዛ አናሳየውም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ረጋ ብሎ ማሰብን ይፈልጋል።

የዚህ ከብት ባለቤት የሆነው የቦረና ሕዝብ ንጉሥ የለውም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሥርዓቱንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ታዲያ ንጉሥ በሌለበት አገር የከብት ክብር ከየት ይመጣል? ልጅ ሲወለድ አባቱ ጊደር ይሰጠዋል። ጊደሯ ስትወልድ፣ ልጆቿም ሲወልዱ፣ ሕፃኑ ከመንጋው ጋር አብሮ ያድጋል። ላሟ ስም አላት፤ የእናቷና የአያቷ ስምም ይታወቃል። ሰው ሲገናኝ ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ብቻ ጠይቆ አያበቃም፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃል። ከብቱ ያለቀበት ቤት ቢኖር ደግሞ ጎሳው «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ከየመንጋው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ክብሩ ያለው እዚህ መተሳሰር ውስጥ ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በበጋ «ቱላ» ወደሚባሉት የውኃ ጉድጓዶች ይሂድ። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጉድጓዶቹ ካሉባቸው ቦታዎች አንዱን፣ ዱብሉክን፣ ያገኛል። ከብቶቹ ከላይ ሜዳው ላይ በአቧራ ውስጥ ይጠብቃሉ። በድርቁ ወራት ውኃ የሚያገኙት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ጥማቸው ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ተራቸው ሳይደርስ አይወርዱም። ከሜዳው እስከ ገንዳው ድረስ መሬቱ ተቆፍሮ የተሠራ ቁልቁል መተላለፊያ አለ። ከገንዳው በታች ጉድጓዱ ይጀምራል። ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ በእርከን ቆመው ባልዲውን ይቀባበላሉ፤ የሞላው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። እጃቸው እንዳይሳሳት የሚያስተባብራቸው ዜማቸው ነው። ዜማው ሲፈጥን ውኃው ይፈጥናል፤ ዜማው ከቆመ ውኃውም ይቆማል። ቀድሞ ባልዲው ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ አሁን ፕላስቲክ ጀሪካን ተክቶታል። ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ቤት አባት «አባ ኮንፊ» ይባላል፤ የየዕለቱን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ነው። ውኃው አይሸጥም።

እዚያ አጠገብ የቆመ ሰው ብዙ ያስባል። በኒያንዛ ዜማው ለላሟ ውበት ይቀርባል፤ በዱብሉክ ዜማው ላሟን ያጠጣል። ሁለቱም ፍቅር ናቸው። የሁለተኛው ፍቅር ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱም ከብዙ ሰው ይዋጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሀብታም መሆን የማይችልበት ቦታ ቢኖር ይህ ጉድጓድ ነው፤ ሺህ ላም ያለውም ቢሆን ባልዲ የሚቀባበልለት ሰው ካጣ መንጋው ይጠፋል።

ሌላም ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከዚህ ምድር የወጣው ዝርያ በኬንያ የከብት እርባታዎች ውስጥ ተመርጦ፣ ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የራሱ የአርቢዎች ማኅበር ተቋቁሞለታል። የዘር ሐረጉ በመዝገብ ተይዞ፣ ፅንሱ እስከ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ተልኳል። በተወለደበት አገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የከብት ሬሳ ሜዳውን ሞላው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያመጣው የከብት በሽታ ቦረናንም አልማረም ነበር፤ ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። ድርቅ ግን ክትባት የለውም። መንጋው ያለቀበት አባት ያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሲወለድ የሰጠውን ጊደር፣ ጎሳው ሲያዋጣ የሚዘረጋውን እጅ ጭምር አጥቷል።

ስለዚህ የቦረናን ከብት ለእንግዳ ማሳየት ከታሰበ አጥር ማጠር፣ ጨሌ ማሰር፣ ላልነበረ ንጉሥ አደባባይ መሥራት አያስፈልግም። እንግዳው ወደ ጉድጓዱ ይምጣ፤ ሲመጣ ግን አባ ሄሬጋን ያስፈቅድ። ከብቱ ወርዶ እስኪጠጣ ከጥላው ሥር ይጠብቅ፤ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቅ። ሴቶቹ ከዕፅዋት ሥር ሰፍተው በጭስ ባጠኑት ዕቃ ወተት ቢሰጡት በሁለት እጁ ተቀብሎ ይጠጣ። የሚከፍለው ገንዘብም ለደላላ አይቅር፤ የተናደ ጉድጓድ ይጠገንበት፣ ቡሳ ጎኖፋ ይደገፍበት፣ ከብቱ ላለቀበት ቤት ጊደር ይገዛበት። ይህንንም የሚወስነው የአገሩ ጉባኤ ይሁን።

በሞያሌ በኩል የምታልፉ ወገኖቼ፣ ኬላውን ተሻግራችሁ ለመሄድ ብቻ አትቸኩሉ። አንድ ቀን ለጉድጓዱ ስጡ። ያንን ከብት ለዘመናት ያኖረው የብዙ ሰው እጅ ነው፤ ልትጎበኙትና ልታከብሩት የሚገባችሁ እሱን ነው። ይህ ሥርዓት ከተቋረጠ ዝርያውን በሌላ አህጉር እናገኘው ይሆናል፤ ባህሉን ግን ከየትም አናመጣውም።