ስሌት ዳኛ ሊሆን ይችላል?

ጎትፍሪድ ላይብኒዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1646፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የጀርመንን ምድር አድቅቆ ሊያበቃ ሲል ነው። በሕግ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅም ዕድሜውን ሙሉ ደክሟል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ሐሳብ ሁሉ በምልክት የሚጻፍበት ቋንቋ ቢገኝ ተከራካሪዎች ጭቅጭቁን ትተው ቁጭ ብለው እንደሚያሰሉ ተስፋ ቢያደርግ አይገርምም። በ1673 ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ የስሌት ማሽን አሳየ፤ በ1703 ደግሞ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን የቁጥር ሥርዓት አሳተመ። በዚህም ሥርዓት 1ን የፈጣሪ፣ 0ን የባዶነት ምሳሌ አድርጎ፣ ፍጥረት ከምንም የመገኘቱን ምሥጢር አይቶበታል። ይሁንና ክርክርን ሁሉ በስሌት የመቋጨት ተስፋው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከንቱ ነበር። ከንቱነቱን በማስረጃ ያሳዩትም ለኮምፒውተር መሠረት የጣሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

በ1928 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ከቪልሄልም አከርማን ጋር የላይብኒዝን ምኞት በጠባቡና በጥብቅ መልኩ አቀረበው፦ የትኛውም የሒሳብ አባባል ቢሰጠው ይረጋገጣል ወይም አይረጋገጥም ብሎ የሚበይን አንድ ቋሚ ዘዴ ይገኝ ይሆን? በ1936 የካምብሪጁ ወጣት አለን ቱሪንግ መልሱን ለመፈለግ በጥብጣብ ላይ ምልክት የሚያነብና የሚጽፍ ማሽን በሐሳቡ ሠራ። ትክክለኛ መመሪያ ከተጻፈለት አንዱ ማሽን የሌሎቹን ሁሉ ሥራ መሥራት እንደሚችልም አሳየ፤ የዛሬው ኮምፒውተር የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በዚያው ጽሑፍ ግን ሂልበርት የጠየቀው ዘዴ ፈጽሞ እንደማይኖር አረጋገጠ። አሎንዞ ቸርችም በፕሪንስተን፣ በሌላ መንገድ፣ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ኮምፒውተር ገና በብረትና በሽቦ ሳይሠራ፣ ሊሻገረው የማይችለው ወሰን ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ከሰው ፍርድ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ከቱሪንግ ማረጋገጫ የሥነ ምግባር ሕግ በቀጥታ አይወጣም። ቱሪንግ ራሱም በ1950 ባሳተመው ጽሑፉ የሰው አእምሮ ከእንዲህ ያለ ወሰን ነፃ መሆኑን ያረጋገጠ እንደሌለ አስገንዝቧል። ማሰብ የማትሞተው ነፍስ ድርሻ ነው ለሚሉትም፣ ፈጣሪ ከወደደ ለዝሆን እንኳ ነፍስ ከመስጠት ማን ይከለክለዋል ሲል መልሷል። ስለዚህ ክርክሬን ሰው ከማሽን ይበልጣል በሚል አልደግፈውም። የምለው ሌላ ነው። ቃላቱ ሁሉ ቁርጥ ባለ ትርጉም በታሰሩበት በሒሳብ ዓለም እንኳ ሁሉን የሚበይን ቀመር ከሌለ፣ የቃላቱ ትርጉም ራሱ በሚያከራክርበት በፍትሕና በምሕረት ጉዳይ እንዲህ ያለ ቀመር ተስፋ የምናደርግበት ምክንያት የለም። ደንብ ባለቀበት ቦታ አንድ ሰው መርጦ ለምርጫው መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ሰው ያዳላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ይደክማል፤ ማሽን ግን ለዘመድ አያደላም። ነገር ግን ከቀድሞ ብያኔዎች የሚማር ማሽን የቀድሞዎቹን ዳኞች አድልዎ አብሮ ይማራል። አድልዎው ከቁጥር የመጣ ስለሚመስልም የሚጠረጥረው ያንሳል። ማሽንን ያለጥርጣሬ የማመንን አደጋ አስቀድሞ ያየው በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ጆሴፍ ዋይዘንባም ነው። በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተሰኘ ፕሮግራም የሰዎችን ንግግር ወደ ጥያቄ እየለወጠ ከመመለስ ያለፈ ችሎታ አልነበረውም፤ ሰዎች ግን ገመናቸውን ነገሩት። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ዋይዘንባም፣ ማሽን ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ እንዳለ ተሟገተ። እውነቱን ነው። ያጠፋ ዳኛ ይከሰሳል፣ ይግባኝ ይባልበታል፣ ህሊናው ይወቅሰዋል፤ ማሽን ግን ቢሳሳት የሚያፍርበት ፊት የለውም።

እንግዲህ ማሽኑ ይቁጠር፣ ያስታውስ፣ ያመሳክር። ከብያኔው ግርጌ ግን ስሙን የሚጽፍና ለምን ሲባል የሚመልስ ሰው ይኑር፤ ያ ሰው በሌለበት የተሰጠውን ውሳኔ ፍርድ ብለን ልንቀበለው አይገባም።