የኬሲ ማርቲን እግርና የጎልፍ ጥያቄ

አሜሪካዊው ኬሲ ማርቲን ቀኝ እግሩን የሚያሠቃይ የደም ሥር ሕመም ይዞ ነው የተወለደው። ደሙ ከእግሩ ወደ ልቡ በአግባቡ ስለማይመለስ ረጅም መንገድ መራመድ ከሥቃዩ ሌላ ለደም መርጋትና ለአጥንት ስብራት ያጋልጠዋል። ኳስ ለመምታት ግን የሚያንሰው ነገር አልነበረም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከታይገር ዉድስ ጋር በአንድ ቡድን ተጫውቷል። ወደ ባለሙያዎቹ ውድድር ሊገባ ሲል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በትንሿ የጎልፍ መኪና እንዲሄድ ይፈቀድለት። ውድድሩን የሚመራው ፒጂኤ ቱር ከለከለው። ማርቲንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ።

ጎልፍ ምኑ ነው ጎልፍ የሚያሰኘው የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ ችሎት ፊት ቀረበ።

የፒጂኤ ቱር መከራከሪያ ቀላል የሚባል አልነበረም። መራመድ ያደክማል፣ ድካም ምቱን ያበላሻል፣ ስለዚህ ድካሙን መቋቋም የውድድሩ አንድ ክፍል ነው የሚል ነው። ዝነኞቹ የጎልፍ ተጫዋቾች አርኖልድ ፓልመር፣ ጃክ ኒክላውስና ኬን ቬንቱሪ ለዚህ ቃላቸውን ሰጥተዋል። በተለይ ቬንቱሪ ስለ ድካም ለመናገር ሙሉ መብት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ ያነሣው በሚያቃጥል ሙቀት፣ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ተጫውቶ፣ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሌላ በኩል ለሥር ፍርድ ቤት የቀረበ የባለሙያ ስሌት ነበር። አንድ ተጫዋች ስምንት ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሲጨርስ የሚያቃጥለው 500 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይኸውም አንድ ቢግ ማክ ሳንድዊች ከሚሰጠው ያነሰ። ስፖርትን በአበበ ቢቂላ ላብ መመዘን ለለመደ አንባቢ ይህ ቁጥር ነገሩን የሚዘጋው ይመስላል።

አልዘጋውም፤ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ግንቦት 2001 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለማርቲን ፈረደ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የጎልፍ ዋና ነገር ኳሱን በዱላ መምታት እንጂ መራመድ አይደለም አሉ። ለነገሩ ፒጂኤ ቱር ራሱ በአንጋፋዎች ውድድሩና በመጀመሪያዎቹ የማጣሪያ ዙሮች መኪና ይፈቅድ ነበር። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን ከዳኛ ክላረንስ ቶማስ ጋር ሆነው በልዩነት ወጡ፤ የልዩነት ሐሳባቸውም በአሽሙር የተሞላ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጎልፍ ወጣቱን ከቀስት ልምምድ አስተጓጎለ ብለው በ1457 ማገዳቸውን አስታውሰው፣ ሕግና ጎልፍ ዳግም መገናኘታቸው አይቀርም ነበር ሲሉ ቀለዱ። ከቀልዱ ሥር ያለው ነጥብ ግን ከባድ ነው። የጨዋታ ደንብ ሁሉ ሰዎች እንደፈቀዱ ያወጡት ነው፤ ታዲያ ይህኛው ዋና፣ ያኛው ትርፍ ብሎ የሚለይ ዳኛ በምን ሚዛን ይለያል?

ለዚህ ጥሩ መልስ የሚገኘው ከሕግ መጻሕፍት ይልቅ በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ካስተማሩት ከበርናርድ ሱትስ ነው። ሱትስ በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ጨዋታ ማለት አስፈላጊ ያልሆነን መሰናክል በፈቃድ ተቀብሎ ለማለፍ መሞከር ነው ይላሉ። ጎልፍ ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ዓላማው ትንሿን ኳስ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይዞ ሄዶ በእጅ መጣል ይበቃ ነበር። ተጫዋቹ ግን ረጅምና አስቸጋሪ ዱላ ይመርጣል። ደንቡ የዘፈቀደ ነው በሚለው ስካሊያ ትክክል ናቸው። ሰው ወደ ሜዳው የወጣው ግን የትኛውን መሰናክል ፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም ዱላውና ኳሱ ነው። መራመዱን ብቻ የፈለገ ሰው ዱላውን ቤት ትቶ መውጣት ይችላል።

ይህ ጎልፍ ጨዋታ መሆኑን ያሳያል። ጨዋታ ግን ቼዝም ነው። ስፖርት የሚያደርገው ምንድን ነው?

ኦሊምፒክን መጠየቅ አያዋጣም። ጎልፍ በ1900 እና በ1904 ገብቶ ወጣ፣ ከ112 ዓመት በኋላ በ2016 ሪዮ ላይ ተመለሰ፤ በመካከሉ ግን ጨዋታው አልተለወጠም። ከ1912 እስከ 1948 ደግሞ ያው ኦሊምፒክ ለግጥምና ለሥዕል ሜዳሊያ ይሰጥ ነበር። ብሪጅ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በስፖርትነት እውቅና ሲሰጠው፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 ለቀረጥ ጉዳይ ስፖርት አይደለም ብሎታል።

ስፖርትን ከሌላ ጨዋታ የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። እጅና እግሩ የማይታዘዝለት የቼዝ ሊቅ ፈረሱን ወደዚያ ውሰድልኝ ብሎ ሌላ ሰው ቢያንቀሳቅስለት ድሉ ያለ ጥርጥር የሊቁ ነው። ጎልፍ ላይ ይህ አይሠራም። ረዳቱ ርቀቱን ሊነግረው፣ ዱላውን ሊመርጥለት ይችላል፤ ሲመታለት ግን ውድድሩ የረዳቱ ይሆናል። ከ46 ግራም የማትበልጥ፣ ቆማ የምትጠብቅ ኳስ ላይ ወገብ፣ ትከሻና አንጓ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ተቀናጅተው የሚሠሩት ነገር ራሱ ውጤቱ ነው። ላቡ ይብዛም ይነስም፣ ማንም ሰው በሌላው ሰውነት አይጫወተውም።

የጎልፍ ወዳጆች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሌላ ማስረጃ ነው፤ ታይገር ዉድስ በ2008 ዩኤስ ኦፕን። የግራ ቅልጥሙ አጥንት ተሰነጣጥቆ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ 91 ጉድጓድ እያነከሰ ተጫውቶ አሸነፈ። ጀግንነቱን የሚክድ የለም፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። ሥቃይ ስፖርትን ስፖርት የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከማርቲን የበለጠ ስፖርተኛ ማን ነበር? መኪና ላይ ተቀምጦም ቢሆን በየምቱ መካከል እግሩ ያመው ነበር። በ1998 ዩኤስ ኦፕን 23ኛ ደረጃን የተጋራው ግን ስለታመመ ሳይሆን ጥሩ ስለመታ ነው።

እርግጥ በሌላ ሰው ሰውነት አይጫወቱትም የሚለው መመዘኛ ዋጋ ያስከፍላል። ጎልፍ ከገባ ዳርትም ይገባል፣ የከረምቡላ ዘመድ የሆነው ስኑከርም ይገባል፤ ተጫዋቾቹ ቢራ ይዘው ቢታዩም እጃቸውን የሚተካ የለምና። እዚህ ድረስ መቀበል አይከብድም። የሚከብደው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እዚያም ጣት የሚፈጥነው በተጫዋቹ ሰውነት ነው፤ ሌላ ሰው ሊጫንለት አይችልም። ድል በጣት ፍጥነት የሚገኝባቸውን ጨዋታዎች ከነቼዝ ለይቶ ማስገባት ግድ ሊሆን ነው፤ ብዙ የጎልፍ ተጫዋቾችም ይህንን ሲሰሙ ከሩጫ አፍቃሪዎች ባልተናነሰ ይቆጣሉ።