ናዳውን ማን ለቀቀው?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1999 በስዊዘርላንዷ ኤቮሌን የበረዶ ናዳ ወርዶ 12 ሰዎችን ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ በኦስትሪያዋ ጋልቱር መንደር በሌላ ናዳ 31 ሰዎች አለቁ። ድሮ ቢሆን የተራራው ሰው «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ለቅሶውን ይቀመጥ ነበር። የስዊስ ፍርድ ቤት ግን የኤቮሌንን የአካባቢ አስተዳዳሪና የደህንነት ኃላፊ በቸልተኝነት ጥፋተኛ አላቸው። በጋልቱር ጥፋተኛ የተባለ ሰው የለም፤ ናዳው አደጋ አይደርስበትም ተብሎ የተካለለውን ሠፈር ጭምር ነበር የመታው።

ታዲያ የአምላክ ሥራ የት ያበቃል? የሰውስ ኃላፊነት ከየት ይጀምራል?

ለበረዶ ሸርተቴ ከተከለለው ሥፍራ ወጥቶ በስኪ ለሚጓዝ ሰው ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ናዳ ከሚገድላቸው ተጓዦች በአብዛኞቹ ላይ ናዳውን የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ወይም ጓዶቻቸው ናቸው። ነፋስ የጠቀጠቀው ጠንካራ ንጣፍ እንደ ስኳር በላላ ንብርብር ላይ ሲያርፍ፣ ቁልቁለቱም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። በረዶው አስቀድሞ ይናገራል፦ ከእግር ሥር «ዉፍ» ይላል፤ ስንጥቅ ከስኪው ጫፍ ተነሥቶ ይሮጣል። ይህን ሰምቶ መንገዱን የቀጠለ ሰው «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል?

እምነት ጥንቃቄን ያስቀራል ማለት ግን ስሕተት ነው። በአልፕስ ተራሮች ባለው በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሚኖሩ መነኮሳት ለዘመናት ቅዳሴያቸውን እየቀደሱ መንገደኛ ፍለጋ ውሻ አስከትለው ይወጡ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ደግሞ የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ፣ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ አደገኛውን ቁልቁለት ከጓዶቹ ጋር ተራ በተራ ያቋርጣል። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ በጊዜ ሊደርሱለት የሚችሉት እነዚያው ጓዶቹ ናቸው።