ለወንድምህ ትነግረዋለህ?

ኤንኬኤክስ 2-5 የሚባል ጂን አለ። የሱ ፕሮቲን፣ ጽንስ ገና በማሕፀን ሳለ፣ ልብ የሚሠሩትን ሌሎች ጂኖች እያዘዘ ሥራ የሚያስጀምር አለቃ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በዚህ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ሊያስቀር፣ የልብ ምትንም ሊያውክ እንደሚችል አሳወቁ። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ የምቱ መታወክ ከዓመታት በኋላ መጥቶ ሰውን በድንገት ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ አንዱ ተመርምሮ ተገኘበት እንበል። ለወንድም ለእህቱ ይንገር ወይስ ዝም ይበል?

የእኛ ሰው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የበሽታ ነገር ሲነሣ ግን «ልጆቻችን ሳይዳሩ ይቀራሉ» ብሎ አፉን ይለጉማል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም። ከጎረቤት ይደበቅ፣ ግድ የለም። ከወንድም ሲደበቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደሙ የጋራ ከሆነ ምስጢሩም የጋራ ነው። ቀድሞ ያወቀ ልቡን ይታያል፤ ካስፈለገም ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ይገጠምለታል። ያላወቀስ?

«መስማት አልፈልግም» ካለ መብቱ ነው። እንደዚያ ለማለትም ቢሆን ግን መጀመሪያ «የምነግርህ ነገር አለ» ሊባል ይገባዋል።