«የት ተጽፏል?» ለሚል ልጅ፣ «የአባቶች ነው» ለምትል ልጅ

ልጆቼ፣ በእኛ ኮልፌ ቀራንዮ እናት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አስቀድሳ ስትመለስ ልጇ ከጸሎት ቤት የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ጾም ሲገባ ወይም ተዝካር ሲደርስ ክርክር ይነሣል። ወንድም «የት ተጽፏል?» ይላል፤ እኅት «ከአባቶች የወረስነው ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ለሁለታችሁም የምለው አለኝ።

አንተ፣ ጥያቄህ የሚያስነቅፍ አይደለም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የሰበከውን እንኳ ከመጻሕፍት እየመረመሩ በመቀበላቸው ተመስግነዋል። ነገር ግን የያዝከው መጽሐፍ ቅዱስ ማውጫ የት እንደ ተጻፈ ጠይቀህ ታውቃለህ? ዛሬ በእጅህ ያሉትን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በ367 እ.ኤ.አ. በደብዳቤው የዘረዘረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልንም እርሱ ነው። አንተ 66 ስትቆጥር እኅትህ 81 ትቆጥራለች፤ ሁለታችሁም ቁጥሩን የተቀበላችሁት ከቀደሟችሁ ሰዎች ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ኢሳይያስን በሠረገላው እያነበበ ሳለ የሚያስረዳው ፊልጶስ አስፈልጎታል።

አንቺ ደግሞ፣ የቆየ ሁሉ ትውፊት አይደለም። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሆኑት ኢየሱሳውያን «እንደ አይሁድ ትኖራላችሁ» ብለው በከሰሱን ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። የቅዳሜን ሰንበት የምናከብረው በሐዋርያት ሥርዓት መሠረት ነው አሉ፤ ግዝረትን ግን የአገር ልማድ ብለው ለዩት፤ ለዚህም ምስክር ያደረጉት ጳውሎስን ነው። የአባቶችን ሥርዓት የሚጠብቅ ንጉሥ ሥርዓትንና ልማድን በየቦታቸው አስቀመጠ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለታችሁም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተማሩ። በሰንበት ጉዳይ ተወግዘው የኖሩት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ። ያው ንጉሥ ግን ለዙፋን አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ አስገረፉ፣ አካላቸውን አስቆረጡ። ዱላው አላሳመናቸውም፤ ከንጉሡ ሞት በኋላም የጉንዳ ጉንዶን ገዳም ይዘው ቆዩ።

እንግዲህ ማርቆስ 7ን በቃሉ የያዘ ሁሉ 2ኛ ተሰሎንቄ 2ንም ያንብብ። የመጀመሪያው ስለ ሰው ወግ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የተዉትን ይወቅሳል፤ ሁለተኛው የተሰጠውን ትውፊት አጽንታችሁ ያዙ ይላል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ሙግቱን እንጂ እውነቱን አልፈለገም። ያልገባችሁን የመጻሕፍት መምህር ጠይቁ፤ የአንድምታ መምህር ለአንድ ንባብ ሁለት ሦስት ትርጓሜ ሲሰጥ ብትሰሙ፣ አባቶች ራሳቸው ምን ያህል እንደ መረመሩ ታያላችሁ።

ተዝካርን ውሰዱ። ለሙታን መጸለይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በሬ ለመጣል ገንዘብ መበደር ግን የጎረቤት ዓይን የጫነብን ልማድ ነው። አንተ ጸሎቱን ሳታንቋሽሽ፣ አንቺም ድግሱን ሃይማኖት ሳታደርጊ፣ እናታችሁን «ዘንድሮ አንበደር፤ ያለንን ለነዳያን እንስጥ» በሏት። በዚህ አንድ ነገር ከተስማማችሁ፣ የቀረውን ክርክር ሳትኳረፉ ለመቀጠል ትበቃላችሁ።