የጊንጪዋ አሪቲ

አንዲት የአምቦ ልጅ ጊንጪ ተዳረች። ከቤት ስትወጣ ከእናቷ ጓሮ አንድ ሥር አሪቲ ነቅላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። የእናቷ አሪቲ ጠጠር በበዛበት ተዳፋት ላይ ማንም ሳይንከባከበው የሚያድግ ነበር፤ በበዓል ተቆርጦ ከቄጠማው ጋር ሲጎዘጎዝ ቤቱን ያውደዋል።

የጊንጪ መሬት ሌላ ነው። ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃውን ይዞ አይለቅም። ሙሽራዋ ይህን ልብ አላለችም። እናቷ ስለናፈቀቻት አሪቲውን ጠዋት ታጠጣዋለች፣ ማታ ታጠጣዋለች፣ ፍግ ታለብሰዋለች። መቁረጡ አሳዝኗት ለበዓል እንኳ ከገበያ ገዛች። አሪቲው ረዘመ፣ ግን ቀጠነ፤ ሽታውም ሳሳ። ሐምሌ ሲገባ ተጋደመ፣ ሥሩም በሰበሰ።

«እማዬ፣ ያልሰጠሁት ነገር የለም እኮ!» አለቻቸው አማቷን፣ እንባ እየተናነቃት።

«እሱ ነው የገደለው፣ ልጄ።»

አማቷ ገና ያልሞተውን ቅርንጫፍ መርጠው ቆረጡ። ፀሐይ በሚያርፍበት ጥግ አፈሩን መደብ አድርገው ከፍ አደረጉት፤ ጠጠርና አሸዋ ቀላቀሉበት፤ ዙሪያውን ቦይ ቀደዱለት። «ሥር እስኪሰድ ጠብቂው፣ ከዚያ ተይው። ሲጎለምስ ግን ቁረጪው፤ ሲቆረጥ ነው ጎን የሚያወጣው» አሏት። ለጥምቀት የመጀመሪያውን እቅፍ በገዛ እጇ ቆረጠች።

የጊንጪ ገበሬም ስንዴውን በዋልካ ላይ ሲዘራ መደብ ያወጣል፣ ውሃውን በቦይ ያስወጣል። ፈረንጆች ያሮው የሚሉት አበባም፣ ከአሪቲና ከኑጋችን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው፣ በሰባ አፈር ላይ ከመጠን በላይ ይረዝምና ይወድቃል፤ ሳሳ ባለ፣ ውሃ በማይቋጥር መሬት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሙሽራዋን ሰነፍ ማለት አይቻልም። ታጠጣ የነበረው ግን ተክሉን ሳይሆን ናፍቆቷን ነው። ከአገር ርቀን የምንኖር ብዙዎቻችን አምቦ ወይም ጌዶ ለቀረው ታናሽ ወንድማችን የምናደርገው ይኸው ይመስለኛል። በራቅን ቁጥር የምንልከውን እንጨምራለን። ልጁ ሥራ ሊጀምር ሲያስብ «አንተ አትድከም» እንለዋለን፤ አንድ ነገር ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ከማዘኑ በፊት ገንዘቡ ይደርሰዋል። ስልክ ስንደውል ስንት እንደሚበቃው እንጠይቀዋለን። የቆመበት አፈር ምን እንደሚመስል፣ ምን ቢጀምር ደስ እንደሚለው ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቀውም።